«ኔክስት ኔክስት» ለምትሉኝ

«ቲቸር፣ በዚህ ዘመን ማን ኮማንድ ይጽፋል? በማውዝ ኔክስት ኔክስት ካልከው ያልቃል!» ያለኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስብሰባ ላይ ስለነበርን ዋጥኩት፤ አሁን ልመልስለት።

ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ቆቦ ሮስተር ጠፍቶ ትራንስክሪፕት ፍለጋ የሚንከራተት ልጅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የተረፈውን ወረቀት ስካን አድርገን እናስቀምጥ ብለን ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ተገዛ። አንድ ባለሙያ በማውዝ ከፋፍሎ ሰጠን። ሥራ ከጀመርን በኋላ ስናየው ግማሽ ያህሉ የለም! «ፎርጅድ ነው፣ ነጋዴው ሸውዷችኋል» አለን። ነጋዴው ምን አጠፋ? ሰውየው የከፈለው በኤምቢአር ነው። ኤምቢአር ሴክተር የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው፤ ከ4,294,967,296 አያልፍም። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ ሲባዛ 2.2 ቴራባይት ገደማ ላይ ያበቃል። ቀሪው መሬት አለ፣ ደብተሩ ግን አይመዘግበውም። ጂፒቲ የሚባለው በ64 ቢት ስለሚቆጥር ይህ ችግር የለበትም። ስካኑን ወደየላፕቶፓችን ገልብጠን በሊነክስ፣ በፓርትድ ከሥር ጀመርነው።

ሌላው ድንበሩ ነው። በራያ ሜዳ አንድ ክንድ ድንበር የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ዲስክ ላይ ሲሆን ግን «እዚያ አካባቢ» ይበቃል እንዴ? ፓርትድን «4 ጊጋባይት ላይ ጀምር» ብትሉት ግምት ነው ብሎ ይወስደዋል፤ እስከ 500 ሜጋባይት ወዲህ ወይ ወዲያ ሊያደርገው ይችላል። በጊቢባይት ከነገራችሁት ግን ልክ እዚያው ይቆማል። ጊጋና ጊቢ አንድ አይደሉም ስላችሁ ክፍል ውስጥ የሳቃችሁ ልጆች፣ ትዝ ይላችኋል አይደል? መነሻውንም 1 ሜቢባይት አድርጉት፤ ማለትም ሴክተር 2048። የዛሬ ዲስኮች ብዙዎቹ ውስጣቸው በ4096 ባይት ስለሚሠራ ድሮ እንደነበረው ከሴክተር 63 የተነሣ ክፍልፋይ ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል።

ባልደረባዬ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው፤ ኮማንድ ያስፈራል። ኤፍዲስክ «ጻፍ» እስክትሉት ይጠብቃል፣ ፓርትድ ግን ኢንተር እንደተመታ ይጽፋል። የተሳሳተ ዲስክ ስም ከሰጣችሁት አለቀ። ታዲያ ይኼ ላለማስተማር ምክንያት ይሆናል? ቢላ ያስፈራል ተብሎ ሽንኩርት በጥርስ አይከተፍ!

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካለ ላብ እከፍታለሁ። የማትፈልጉት ፍላሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን እንዳታመጡ ብቻ።