ክትባቱ ካነሰ በየዳና ጃናሞራ ይቅደሙ

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። ወረርሽኝ ተነሥቶ ጥቂት ብልቃጥ በእርዳታ ቢመጣ ማን ይቅደም ብላችሁ ጎንደር ላይ ብትጠይቁ ግን መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ መጀመሪያ የጤና ባለሙያው፣ ቀጥሎ አረጋዊው፣ ቦታው ደግሞ ሕዝብ የሚተፋፈግበት ከተማው። የኮቪድን ጊዜ ተራ እናስታውሳለን። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ያህል ዶዝ አስትራዜኔካ አዲስ አበባ ገባ፤ መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ፤ ወረፋው ከጤና ባለሙያው ወደ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ወዳለባቸው ተሻገረ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ያ ክትባት ኢምንት ነበር። ተራው ግን እስከ ዛሬ እንደ ሕግ ተቆጥሮ ይኖራል።

የጤና ባለሙያው መቅደሙ አያከራክርም፤ እሱ ከወደቀ የሚያክም የለም። የምሞግተው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ነው።

ዕድሜን የሚያስቀድመው ዝርዝር የተቀዳው አምቡላንስ በስልክ ከሚመጣባቸው አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ሊቨርፑል ይገኝ የነበረው የክትባት አምራቹ የካይሮን ኩባንያ ፋብሪካ ፈቃዱ ሲታገድ፣ አሜሪካ ለዚያ ዓመት ብርድ ወራት ከምትጠብቀው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግማሽ ያህሉን በአንድ ጊዜ አጣች። ያኔ 65 ዓመት የሞላቸው ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰለፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢዚኪኤል ኢማኑኤልና አላን ዌርትሃይመር የተባሉ ምሁራን ተነሥተው፣ የለም፣ ገና ያልኖረው ወጣት ይቅደም ብለው ጻፉ። ሙግቱ የዞረው በዕድሜ ላይ ነበር። ሁሉም ታማሚ ሆስፒታል ይደርሳል ተብሎ በሚታሰብበት አገር ዕድሜ ትልቁ ልዩነት ቢሆን አይገርምም። እኛ ዘንድ ትልቁ ልዩነት መንገዱ ነው።

ደግሞስ ኢንፍሉዌንዛ ሁልጊዜ ሽማግሌ መርጦ ይገድላል ያለው ማነው? አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን ቀባሪ ያሳጣው ወረርሽኝ፣ በመላው ዓለም አብዝቶ የቀጠፈው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉትን ጉልበታሞች ነበር።

አሁን በሰሜን ተራሮች ከጃናሞራ ጋር በምትጎራበተው በየዳ ወረዳ፣ ከዋና ከተማዋ ከድልይብዛ ራቅ ባለች ቀበሌ የምትኖር፣ ስምንተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር እናስብ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ቤቷ አንዲት ጎጆ ናት፤ መስኮት የላትም። ምድጃው መሐል ላይ ይጨሳል፣ በጎቹም ማታ እዚያው ይገባሉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተጠጋግቶ ያድራል። ባሏ ከገበያ ይዞት የመጣው ሳል በሦስተኛው ቀን ወደ እሷ ተሻገረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተብሎ ተናቀ፤ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተሰጣት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጸናባት፣ ደረቷን ወጋት፣ ትንፋሽ አጠራት። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ ያዘጋጃል። ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ ገደሉን ወርደው ዳገቱን ይወጣሉ። ጤና ጣቢያው የሚዋጥ ወይም የሚወጋ መድኃኒት ሊኖረው ይችላል፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት ግን ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅን ደግሞ በእንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። ስለዚህ ወደ ደባርቅ። መኪና ከተገኘ፣ መንገዱም በጸጥታ ምክንያት ካልተዘጋ። ከደባርቅ ጎንደር ደግሞ ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ይህን ሁሉ የምትጓዘው ሳንባዋ እየተዘጋ፣ ማሕፀኗ ውስጥ ያለው ጽንስም የእሷኑ ትንፋሽ እየተጋራ ነው።

ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ወይም ፒያሳ የሚኖሩት የ70 ዓመት አባትም ቢታመሙ ሕመማቸው ቀላል አይሆንም። ልጃቸው ግን ባጃጅ ጠርቶ ያን ቀን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያደርሳቸዋል። አልጋ ሊጠብ፣ ወረፋ ሊበዛ ይችላል። ቢሆንም የመትረፍ ዕድላቸው ከደጃቸው አለ። አንድ ብልቃጥ ብቻ በእጄ ቢኖር ለማን እንደምሰጠው አላመነታም። ክትባት ዋናው ጥቅሙ ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ሐኪምን መተካቱ ነው።

ነፍሰ ጡሯን ማስቀደሜ ከርኅራኄ ብቻ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አቋም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለሚጀምሩ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች ከሁሉ የላቀውን ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም፤ የሚጠበቀው እናቱ በምታወርሰው መከላከያ ነው። ይህም በማሊ፣ በኔፓልና በደቡብ አፍሪካ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። አንዱ መርፌ ለሁለት ነፍስ ይሆናል ማለት ነው።

“ክትባቱ እዚያ ተራራ ድረስ ሲወጣ ይበላሻል” የሚሉኝ አሉ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል። ለእናቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንዲሁ። ይህንኑ ክትባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በረዶ በታጨቀ ሳጥን ይዛ በእግሯ ስታደርስ ኖራለች፤ ሌላ ብልቃጥ ቢጨመርላት አይከብዳትም። “ደገኛው ጠንካራ ነው፣ ብርዱን ለምዶታል” የሚሉም አይታጡም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖር ሰው እንደማያንስ አሳይቷል። የተጠናው ግን ጤነኛ ሰው ነው። በሳንባ ምች የተመታን ደረት ተራራ መልመድ አያድነውም።

በሽታውን የሚያሰራጨው ከተማው ስለሆነ ምንጩን እናድርቅ የሚለውን ክርክርም አውቀዋለሁ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተማሪዎቿን በገፍ ስትከትብ የአረጋውያኗ ሞት ቀንሶ እንደነበር ያመለከተ ጥናት አለ። ጃፓን ግን የከተበችው አብዛኛውን ተማሪ ነበር። እጥረት ማለት ይህን ማድረግ አለመቻል ነው። ጥቂት ሺህ ዶዝ በጎንደር ገበያ፣ ትምህርት ቤትና መናኸሪያ የበሽታውን ስርጭት አያግድም፤ ጥቂት ሺህ እናቶችን ግን ያድናል።

ጎንደር ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ያለባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ወባ ሺዎችን ፈጀ። በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሱንና የንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከው በሽተኛው እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያዋጣ በደምቢያ ስለታየ ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል የቆሙት በዚያ መሠረት ላይ ነው። ይህ ታሪክ ያላት ከተማ ክትባት ሲያንስ ራሷን ማስቀደም አይገባትም።

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮና የጤና ሚኒስቴር ሠንጠረዣቸውን ዛሬ፣ ወረርሽኝ ሳይመጣ ያስተካክሉ። ከዕድሜ በፊት አንድ ጥያቄ ያስገቡ፦ ይህ ሰው ቢታመም ኦክስጅን ያለበት ቦታ በስንት ሰዓት ይደርሳል? በየዳና ጃናሞራ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ሳይከተቡ ጎንደር ከተማ ውስጥ ከጤና ባለሙያ በቀር አንድም ሰው መከተብ የለበትም።