የትርፍ አምራች ወረዳ ጦም አዳሪ

በቆሎውና በርበሬው ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ተጭኖ ወደ መሃል አገር ሲሄድ የሚያይ ሰው፣ እዚህ የሚራብ አለ ብሎ አያስብም። በጀት መዳቢውም አላሰበም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ የሚመርጠው ወረዳን ነው፤ ሰው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በተመረጠው ወረዳ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አካል ጉዳተኛውና አቅመ ደካማው ደግሞ ሳይሠራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። የእኛ ምዕራብ ጎጃም ግን ትርፍ አምራች ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ እግሩን ያጣ ሰው ዋግ ኽምራ ቢኖር ኖሮ ስሙ የሚጻፍበት መዝገብ ነበር፤ ደምበጫ በመኖሩ በጎረቤቱ ጎተራ ይመዘናል።

ነገሩ በዝሆኔ በሽተኛ ላይ ይብሳል። በደጋው አገራችን የምናውቀው የእግር እብጠት፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው ለዓመታት በባዶ እግሩ የረገጠውን ገበሬ የሚጎዳው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ የተደረገ ጥናት፣ 15 ዓመት ከሞላቸው መቶ ነዋሪዎች ከ3 በላይ የሚሆኑት በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳይቷል። ወረዳውን ያስመሰገነው መሬት ራሱ ሰውየውን ከሞፈር አለያየው ማለት ነው። ሕክምናው በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ሳሙናና ጫማ የት እንደደረሱ ለአንባቢ አልነግርም።

ደሞዝተኛ የሆነስ? የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ፣ በሕመም መሥራት ያቃተውና 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል እንዲያገኝ ደንግጓል። ስሌቱ የአማካይ ደሞዙ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 12 ዓመት ያስተማረ፣ አማካይ ደሞዙ 7,000 ብር የሆነ መምህር በዚህ ሂሳብ በወር 2,275 ብር ይደርሰዋል። 9 ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተሰጥቶት ይሰናበት ነበር። አማካዩ የሚወሰደው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደሞዝ ስለሆነ፣ ሰውየው የአምናና የካቻምናን ብር ይዞ የዛሬ ገበያ ይገባል። በሥራ ላይ የተጎዳ ይሻላል፤ 47 በመቶ ያገኛል። በቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን እጁን የቆረጠው ተቀጣሪም ይኸው መብት አለው። ለማሽኑ እህሉን ያመረተው ገበሬ ግን ከበሬ ጋር ወድቆ ቢሰበር የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት የለም።

ገበሬው ዘንድ ሕጉ ያበቃና ጎረቤት ይጀምራል። ወንፈል ለአካል ጉዳተኛ አይሆንም፤ ዛሬ ላረሰልህ ነገ ልታርስለት ነው ውሉ። የሚቀረው ጅጌ ነው። ጅጌ ደግሞ ጠላና እንጀራ ይፈልጋል፤ ጌሾውም ዘይቱም ሲወደድ ጠሪው አፍሮ ይቀራል። ደግነት ጠፋ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ የጠፋው የድግሱ ወጪ ነው። አካል ጉዳተኛው መሬቱን በእኩል ልስጥ ቢል አራሹ የማዳበሪያውን ወጪ ተካፈለኝ ይለዋል። እድርም ቢሆን ለሬሳ እንጂ ለእግር አይከፍልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ለማድረግ የገባው ቃል ከአገሪቱ አቅም ጋር የታሰረ ነው። አቅም የለም የሚለውን ክርክር እሰማለሁ። ኬንያም ሀብታም ሆና አይደለም ከባድ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች በወር 2,000 ሽልንግ የምትሰጠው። ማን ይገባዋል፣ ማን ያጭበረብራል የሚለው ሥጋትም ቢሆን ከዜሮ የሚጀምር አይደለም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በክልላችን ሲሞከር ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ ነበር። መዋጮ መክፈል የማይችለውን ቤተሰብ ቀበሌው ይለያል፤ መንግሥት ይከፍልለታል። ወረዳው ትርፍ አምራች ነው ተብሎ ድሃው ከዚያ ዝርዝር አልወጣም። የታመመ ድሃን በስሙ መለየት ከተቻለ መሥራት የማይችለውን መለየት ለምን ያቅታል?

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከዝሆኔና ከበሬ አልፏል። በዚያው ወር በፍኖተ ሰላም ከደረሰው ጥቃት ቆስለው የተረፉ፣ ከዚያም በኋላ በየገጠሩ በክልላችን በተነሳው ግጭት የተጎዱ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ደሞዝተኛ አልነበሩም፤ ስለዚህ የጡረታ ሕጉ አያውቃቸውም። ሴፍቲኔቱም ወረዳቸውን አያውቅም። ከደቡብ አቸፈር እስከ ቡሬ ቀበሌዎች መሥራት በሚችሉበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ ስማቸው ይመዝገብ፤ የሚቆረጥላቸው ወርሃዊ ገንዘብም በብር ሳይሆን በበቆሎ ዋጋ ይተመን፤ ሩብ ኩንታል ከተባለ፣ ኩንታሉ በወጣ ቁጥር ገንዘቡም አብሮ ይውጣ።