ስንቅ፥ ካርታና ኮምፒዩተር

ጦር የሚሸነፈው በጥይት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የጦርን ታሪክ አጥብቆ የተመለከተ ግን፥ ከውጊያው አስቀድሞ ስንቁ ያለቀበት፥ ጥይቱም ሳለ የት እንደ ተቀመጠ የጠፋበት፥ ወይም የጠላቱን ስፍራ በሐሰት የተነገረው ሠራዊት ጥቂት አለመሆኑን ይረዳል። ዛሬ ታላላቆቹ መንግሥታት ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲሉ ሶፍትዌር የተባለውን የኮምፒዩተር ሥራ ወደ ጦር ሰፈር አግብተውታል። ይህም የጉዞውን ዕቅድ ያወጣል፤ ስንቅና ትጥቁን ይቈጥራል፤ የወገንንና የጠላትን ስፍራ በካርታ ላይ ያሳያል። ጥቅሙ ታላቅ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሐሰት የተጻፈበት እንደ ሆነ ፈጥኖ ለብዙ ሰው ያደርሰዋል እንጂ ሐሰቱን አያርመውም።

ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ. ም. የኢራቅ ጦር ኵዌትን በያዘ ጊዜ፥ የአሜሪካ መንግሥት ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ወታደር ከነመሣሪያው ወደ ዐረብ ምድር ለማጓጓዝ ተነሣ። ሰውን፥ መርከብንና አውሮፕላንን አገናዝቦ ተራውንና መንገዱን መወሰን ለዕቅድ አውጪዎቹ የብዙ ሳምንት ድካም ነበር። ያን ጊዜ ዳርት የተባለው ሶፍትዌር በሥራ ላይ ውሎ፥ እስከ 50,000 የሚደርስ ተሽከርካሪ፥ ጭነትና ሰው በአንድነት እያሰላ፥ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ዕቅድ በሰዓታት ጨረሰው። ዳርፓ የተባለው የመከላከያ ምርምር መሥሪያ ቤትም፥ በሠላሳ ዓመት ለሰው ሠራሽ አእምሮ ምርምር ያወጣውን ገንዘብ ይህ አንዱ ሥራ ብቻ ከነትርፉ እንደ መለሰለት ተናግሯል።

የሚያስደንቀው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያው ጦርነት፥ ለዚያው ሠራዊት ከተላኩት 40,000 ያህል ኮንቴይነሮች ከግማሽ የሚበልጡት፥ በውስጣቸው ምን እንዳለ ለማወቅ መከፈት አስፈለጋቸው። ሶፍትዌሩ መርከቡ መቼ እንዲጫን ማስላት ይችላል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጫማ ይሁን የታንክ መለዋወጫ ግን ላኪው በትክክል ካልጻፈው ከወዴት ያውቀዋል? የጦር ክፍሉም ያዘዘው ዕቃ መድረሱን ስላላወቀ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ያዝዛል፤ በክምሩም ላይ ሌላ ክምር ይጨመራል። ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት እስከ በረሓው መሄድ አያስፈልገውም። ክምሩ «የብረት ተራራ» ተብሎ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላም አሜሪካኖች በየኮንቴይነሩ ላይ በራዲዮ ሞገድ የሚነበብ ምልክት መለጠፍ ያዙ።

የስንቅ መዝገብ ሲሳሳት ገንዘብና ጊዜ ይባክናል፤ ካርታ ሲሳሳት ግን ደም ይፈሳል። ለዚህም ምስክሩ በገዛ ምድራችን አለ። የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ 1888 ዓ. ም. ጄኔራል ባራቲዬሪ በሌሊት ወደ ዐድዋ ሲገሠግሥ ለጦር አለቆቹ ያደለው ንድፍ ካርታ፥ የኪዳነ ምሕረትን ስም በሌላ ኮረብታ ላይ አኑሮት ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ ካርታው ካመለከተው ስፍራ በደረሰ ጊዜ፥ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን መንገድ መሪዎቹ ነገሩት፤ እርሱም ወደዚያው አለፈ። ከዚህም የተነሣ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ። ድሉ የአርበኞቻችን ጀግንነት ነው፤ ሆኖም አንድ ስም ያለ ቦታው መጻፉ ብርጌዱን እንዴት ነጥሎ እንደ ጣለው ልብ ይሏል። ያ ስሕተት የነበረው በጥቂት ወረቀቶች ላይ ነው። ዛሬ ቢሆን በአንድ ቅጽበት በየአለቃው ኮምፒዩተር ላይ ይታይ ነበር፤ ሁሉም አንድ ነገር ስለሚያዩም የሚጠራጠር መገኘቱ ያጠራጥራል።

እንዲህ ያለውን የጋራ ካርታ በጦር ሜዳ ከተጠቀሙበት አገሮች ዩክሬን አንዷ ናት። ዴልታ የተባለው ሶፍትዌሯ፥ ሩሲያ በ2006 ዓ. ም. ክራይሚያን ከያዘች በኋላ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተጀምሮ፥ ጥር 2015 ዓ. ም. በመንግሥት ውሳኔ የሠራዊቱ መሣሪያ ሆነ። ከድሮን፥ ከሳተላይትና ከቃፊር የሚመጣውን ወሬ በአንድ ካርታ ላይ ሰብስቦ በግንባር ላለው አለቃ ያሳያል፤ በቍጥር ከሚበልጠው ጠላት ጋር ለሚዋጋ ሠራዊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ታኅሣሥ 2015 ዓ. ም. ከተሰረቀ የመከላከያ ሚኒስቴር የኢሜይል አድራሻ፥ የዴልታን የምስክር ወረቀት አድሱ የሚል የተንኰል መልእክት ለተጠቃሚዎቹ ተላከ። ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ. ም. ደግሞ ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት መገናኛ በዓለም ሁሉ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቋረጥ፥ በዩክሬን ግንባርም ተቋረጠ። የመገናኛው ባለቤት የአሜሪካ የግል ኩባንያ ነውና፥ በምሽግ ያለው አዛዥ ሊጠግነው የሚችል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ መንግሥት ሁሉ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት፥ በካርታው ላይ ቀዩን ነጥብ ማን አኖረው? በስንት ሰዓት? ዐይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? መገናኛው ቢጠፋስ በምን እንተካዋለን? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በነጥቡ ላይ ተኵስ ብሎ የሚያዝዘው ሰው ነውና፥ ከነጥቡ በታች መንደር ቢገኝ «ኮምፒዩተሩ ነገረኝ» ማለት ከበደል አያድነውም። የአሜሪካ የባሕር ኀይል አካዳሚ እንኳ፥ ሳተላይት ካለ ምን ያደርጋል ተብሎ የቀረውን በከዋክብት መንገድ የመለየት ትምህርት በ2008 ዓ. ም. ለዕጩ መኰንኖቹ መልሶ ማስተማር ጀምሯል።