ልጅዎ የአሜሪካ ወታደር ከነበረ መቃብሩ የማን ኃላፊነት ነው?

የዛሬው ጨዋታዬ “ምን ሟርት ታወሪያለሽ” የሚያሰኝ ነው። ግን ልጆቻቸው አሜሪካ ሄደው ሠራዊት የገቡባቸው ወላጆች በየሰፈሩ አሉ። በቅርቡ አንዲት የእድራችን አባል፣ “ልጄ እዚያ አንድ ነገር ቢሆን እንደሌላው ስደተኛ ገንዘብ ይዋጣለት ይሆን?” ብላ ጠየቀችኝ። ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ናቸው፤ እሷ ደግሞ ከአባቱ ጎን እንዲያርፍላት ትሻለች።

በአሜሪካ፣ የሚፈለገውን አገልግሎት የፈጸመና በክብር ማጉደል ያልተባረረ ወታደር በመንግሥት መካነ መቃብር የማረፍ መብት አለው። ብሔራዊ የወታደር መቃብሮች የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1862 በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን በወጣ ሕግ ነው። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ግን ለብዙ ቤተሰብ ሩቅ ናቸው። ባሏን የቀበረች አሮጊት ሙት ዓመቱን ለማሰብ የቀን መንገድ እንዴት ትጓዝ?

ስለዚህ በ1978 ሌላ ሕግ ወጣ። የፌዴራሉ መንግሥት ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን የወታደር መካነ መቃብር እንዲያቋቁሙ ገንዘብ ይሰጣል። መጀመሪያ ወጪው እኩል በእኩል ነበር፤ ብዙ ግዛቶች ግማሹ ከበዳቸው። በ1998 ሕጉ ተሻሽሎ የፌዴራሉ መንግሥት የግንባታውን ወጪ በሙሉ መሸፈን ቻለ። መሬቱን ማቅረብና ከዚያ በኋላ ማስተዳደር የግዛቱ ድርሻ ነው። ለሚቀበረው ወታደርም ግዛቱ ከፌዴራል የተወሰነ ክፍያ ያገኛል። የታሰበው አብዛኛው የቀድሞ ወታደር ከቤቱ በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ማረፊያ እንዲኖረው ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ አይደርስም። ቦታ አልቆባቸው ቀብር ሊያቋርጡ የተቃረቡት ይቀድማሉ። ድንገተኛ ክፍል ለሠራን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ ቀድሞ የሚታየው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን የባሰበት ነው።

እኔ ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። ግዛቱ መካነ መቃብሩን ለሌላ ጉዳይ ካዋለው የፌዴራሉ መንግሥት የሰጠውን ገንዘብ መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። ድንኳን የሚገዛ እድር ብዙ ነው፤ ሲቀደድ የሚሰፋው ግን ስንቱ ነው? ሐውልት መርቆ ሪባን መቁረጥ ቀላል ነው፤ ሣሩን የሚያጭደውና የተጋደመውን ድንጋይ የሚያቃናው ሰው ደሞዝ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ካልተጻፈ ግን ጀግናው ሁለተኛ ይረሳል። በዚህ በኩል እነሱ አስበውበታል፤ እኛም ለአርበኞቻችንና ለዘማቾቻችን ብናስብበት አይከፋም።

ወደ እናትየው ልመለስ። መዋጮ ሳያስፈልግ የመቃብሩ ቦታ፣ ቁፋሮው፣ የመቃብር ድንጋዩ ለወታደሩ በነጻ ነው። በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን የእምነት ምልክት ቤተሰቡ ይመርጣል። ሚስቱም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹም አብረውት ማረፍ ይችላሉ፤ አንዳንድ ግዛት ለሚስት ጥቂት ያስከፍላል፣ አንዳንዱም የግዛቱ ነዋሪ መሆንን ይጠይቃል። የሬሳ ሣጥኑን፣ የቀብር አስፈጻሚውን ድርጅትና የማጓጓዣውን ወጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ይችለዋል። አስከሬኑ አገር ቤት ይምጣ ከተባለም የመቃብር ድንጋዩን መንግሥታቸው በየትኛውም አገር ላለ መቃብር በነጻ ያቀርባል፤ ማስተከሉ ግን የቤተሰብ ነው።

የት ይረፍ ለሚለው የእኔ ሐሳብ፣ እሷን ባያስደስታትም፣ መቃብሩን እየሄዱ የሚያዩት ልጆቹ ናቸውና እነሱ በሚደርሱበት ቢሆን ነው። እዚህ ፍታቱን ማስደረግ፣ ተዝካሩን ማውጣት ማንም አይከለክላትም።

ሆስፒታል ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲያርፍ ቤተሰብ ከለቅሶው ይልቅ ወረቀት ፍለጋ ሲዋከብ ነው። ልጅዎ በሰላሙ ቀን ሲደውል ሦስት ነገር ይጠይቁት። ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀቱ የት ተቀምጧል? ቦታውን ሚስቱ ታውቃለች? በሕይወት እያለ ማመልከትና መብቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይቻላልና፣ አመልክቷል? “እማዬ ምን ሆንሽ?” ብሎ ቢደነግጥ፣ ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነው ይበሉት።