«ባቡር» ማለት ወፍጮ ብቻ አይደለም

በመርሳና በወልድያ አካባቢ አንዲት እናት ልጅዋን «እህሉን ባቡር አድርሺ» ብላ ብትልካት፣ ልጅቱ የምትሄደው ወፍጮ ቤት ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር አብዛኞቹ ልጆቻችን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ሆኖም ሐዲዱ ከደጃችን ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ጉዳት ደረሰበት። ልጆቻችን ገና አልተሳፈሩበትም። «እማዬ፣ ይህ የምን መንገድ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ምን እንመልስላቸው?

እናቶች ሆይ፣ መልሱን ከአሮጌው ባቡር መጀመር ይቻላል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ፤ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ወደ ሐረር መውጣት በተራራው ምክንያት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በሜዳው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚህ ምክንያት ተቆረቆረች። ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ሻይ፣ ወተትና ፍራፍሬ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴቶች ብዙዎች ናቸው። ባቡሩ ሲቀር ገበያቸውም አብሮ ቀረ።

በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ማን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዚያች ደሴት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የተከፈተው የእንፋሎት ባቡር መስመር፣ በ1876 የተጀመረው በፈረስ የሚሳብ ትራምና በ1893 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር እስከ ዛሬ ጎብኚ ያመላልሳሉ። የደሴቱ ሰዎች «አርጅቷል» ብለው አልጣሉትም፤ እንጀራ ይበሉበታል።

የእኛም አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች በድሬዳዋ ጣቢያ ግቢ ቆመዋል። የሚያሳዝነው ግን አሠራራቸውን የሚያውቁት አዛውንት ሠራተኞች እያለቁ መሄዳቸው ነው። ብረት ቢዝግ ይጠረጋል፤ የሞተ አዋቂ ግን አይጠየቅም።

ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ልጆችዋን ይዛ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ እናት፣ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የለገሃር ጣቢያ ታሳያቸው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡርም ታሳፍራቸው። ድሬዳዋ የምትሄድ ደግሞ ከዚራ ሠፈርን ታሳያቸው፤ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ካገኘችም «አባባ፣ እስቲ ያጫውቱን» ትበል። ልጆቹ የሰሙትን በደብተራቸው ቢጽፉት ለነገ ይቀራል።

ሐራ አካባቢ ያለን ደግሞ ሌላም አደራ አለብን። የሐዲዱ ብሎንና ሽቦ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ የሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን፣ ሐዲዱም የመጫወቻ ሥፍራ አለመሆኑን ለልጆቻችን ዛሬ እንንገራቸው። የመርሳ እናቶች ዛሬ ፍራፍሬያቸውን ይዘው የሚጠብቁት አውቶቡስ ነው። ነገ የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ ያው ዘንቢል ሌላ ገበያ ያገኛል። ያ ቀን የሚደርሰው ግን የተሠራው ሲጠበቅ ነው።