ሁለት ግራፊክስ ካርድ ወይስ አንድ ካርድና ሐቀኛ ፓወር ሰፕላይ?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል ተረቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት ረጃጅም ማስገቢያ ስላየ ብቻ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት የሚያስብ የጌም አፍቃሪ ግን ዛሬም አለ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል። የአዲስ ካርድ ዋጋ አይቀመስም። ያገለገለ የድሮ ካርድ ግን በቅናሽ ይገኛል። ታዲያ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰክቶ እጥፍ ጉልበት ማግኘት ምን ይከፋል?

የሚከፋው ያ እጥፍ ጉልበት አለመኖሩ ነው።

ነገሩ ድሮ እውነትነት ነበረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ሁለት «ቩዱ 2» ካርዶችን አጣምሮ ማሠራት እንደሚቻል አሳየ። ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ ብሎ አመጣው፤ ኤቲአይ ደግሞ በ2005 ክሮስፋየር ብሎ ተከተለ። በዚያ ዘመን ሁለት ካርድ የሰካ ሰው በጓደኞቹ ፊት ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር።

አሠራሩ ግን ከመጀመሪያውም እንከን ነበረበት። በብዙ ጌሞች ካርዶቹ ምስሎቹን በየተራ ነው የሚሥሉት። አንደኛውን ምስል ይኼኛው፣ ቀጣዩን ያኛው። ተራቸው እኩል ካልተራመደ ቆጣሪው በሰከንድ 60 ፍሬም እያለ ዓይን የሚያየው መንተፋተፍ ይሆናል። ሜሞሪውም አይደመርም። ሁለቱም ካርዶች የአንዱኑ ጌም መረጃ እየገለበጡ ስለሚይዙ 8 ጊጋና 8 ጊጋ ሲገናኙ 16 ሳይሆን ያው 8 ጊጋ ነው። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ተዉት። በ2015 የወጣው ዳይሬክትኤክስ 12 ካርዶችን የማጣመሩን ሸክም በአብዛኛው ወደ ጌም ሠሪዎቹ አዞረው። እነሱም ሁለት ካርድ ላላቸው ጥቂት ደንበኞች ሲሉ ያን ሁሉ ድካም አልፈለጉትም። ኤንቪዲያ ከጥር 2021 ጀምሮ ለአዳዲስ ጌሞች የኤስኤልአይ ማስተካከያ መሥራት አቆመ። ከአርቲኤክስ 30 ተከታታይ የጌም ካርዶች ማገናኛው የቀረው 3090 እና 3090 ቲአይ ላይ ብቻ ነበር፤ በ2022 የወጣው 4090 ላይ ጭራሹን ጠፋ። ዛሬ በሚወጣ አዲስ ጌም ሁለተኛው ካርድ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ሣጥኑን ያሞቃል።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሁለት ጂቲኤክስ 1070 ካርዶች እያንዳንዳቸው 150 ዋት፣ በድምሩ 300 ዋት ይፈልጋሉ። ጥቅም ላይ የሚውለው ሜሞሪ 8 ጊጋ ነው። አንድ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ግን የሚፈልገው 170 ዋት ነው። ማጣመሩን በደንብ በሚደግፉ ጥቂት የድሮ ጌሞች ጥንዶቹ ሊቀድሙ ይችላሉ። በቀሩት ሁሉ አንዱ አዲስ ካርድ ያሸንፋል።

ሁለት ካርድ የሚያዋጣው ለሌላ ሥራ ነው። በብሌንደር አኒሜሽን የሚሠራ ስቱዲዮ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የሚያሠራ ባለሙያ ሥራውን ለሁለቱም ማከፋፈል ይችላል። ለጌም ግን የቀረ ነገር ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ካርድ የታሰበው ብር ወዴት ይሂድ? ከፊሉ የተሻለ ወደ ሆነ አንድ ካርድ፣ ከፊሉ ደግሞ ማንም ወደማይኩራራበት ዕቃ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ። ገዢው ለካርዱ ወር ሙሉ ዋጋ ሲያጠያይቅ ይከርምና ፓወር ሰፕላዩን ሻጩ ያቀበለውን ይዞ ይወጣል። ሲቃጠል ግን ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ የሚችለው ይኸው ዕቃ ነው።

ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እውነቱ ያለው ጎኑ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት በዋናነት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ በዚያ መስመር የተጻፈውን አምፒር በ12 ማባዛት ነው። «600 ዋት» የተባለው ዕቃ በ12 ቮልት 25 አምፒር ብቻ ከሰጠ፣ እጅ ላይ ያለው 300 ዋት ነው። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ከሶኬቱ ከሚሳበው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶው ኮምፒውተሩ ጋ እንደሚደርስ ይናገራል። ስለ ብክነት እንጂ ስለ ደኅንነት ዋስትና አይደለም። ለአርቲኤክስ 3060 ኤንቪዲያ የሚመክረው ጠቅላላ 550 ዋት ነው። ከዚያ ማነስ የለበትም፤ ምክንያቱም ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይስባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስም እየዘለለ ይመለሳል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ይህን ግርፋት አይችልም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይም ቢሆን ስታቢላይዘር ይፈልጋል። አንዳንዱ የቆየ ሞዴል ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካ በአንድ ጩኸት ያበቃለታል። ይህን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ አምስት ሰከንድ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ገዢው ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ካርድ የብዙ ወራት ቁጠባ ሆኗል፤ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው እንዲይዝ መለመንን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እውነቱን የመስማት መብት አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ውሸት የተለጠፈበት ፓወር ሰፕላይ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ሕጉ ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ለዘይትና ለስኳር የሚያደርገውን ፍተሻ ለኤሌክትሮኒክስ የማያደርግበት ምክንያት የለም።

እስከዚያው ገዢው ሁለት ጥያቄ ይዞ ይግባ። የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፒር ነው? ቢበላሽ እስከ መቼ ይመለሳል? ሁለቱንም ሳይሸሽ የሚመልስ ሻጭ ካገኘ ብሩን ያውጣ። የሚያድበሰብስ ከሆነ ሱቁ ከጎኑም አለ። ሁለተኛው ማስገቢያ ደግሞ ባዶውን ቢቀመጥ አይራብም።