የዐይን ብድር

ስለ ሥዕል በተነሣ ቁጥር የምሰማቸው ሁለት ፍርዶች አሉ። አንደኛው፣ «የአበባ ሥዕል የሳሎን ጌጥ እንጂ ቁም ነገር የለውም» ይላል። ሁለተኛው፣ «ከባዕድ የተማረ ሠዓሊ የራሴ የሚለው ሥራ የለውም» ይላል። ሁለቱንም የሚረታ አንድ ምስክር እጠራለሁ፤ አሜሪካዊውን ጆን ላ ፋርጅን (1835–1910 እ.ኤ.አ.)።

አስቀድሞ የነበረውን እንይ። ከጀርመን የፈለሰው ሰቨሪን ሮዘን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሣላቸው አበቦች የጥንት የሆላንድ ሠዓሊዎችን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። ጠረጴዛው በአበባና በፍሬ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ባዶ ሥፍራ እንደ ነውር ይሸሻል። ውበት ነው፤ ግን የድግስ ውበት።

እ.ኤ.አ. በ1853 የማቲው ፔሪ የጦር መርከቦች ጃፓን ደረሱ፤ በዓመቱም ውል ተፈረመ። በመድፍ አፍ የተከፈተው በር ለነጋዴው ገበያ ሲሆን፣ ለላ ፋርጅ ትምህርት ቤት ሆነ። ምጸቱ፣ በ1860 ያገባት ማርጋሬት የዚሁ የፔሪ ወንድም የልጅ ልጅ መሆኗ ነው። ላ ፋርጅ የጃፓን ኅትመቶችን ቀድመው ከሰበሰቡ አሜሪካውያን ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። ሆኖም በአበባዎቹ መካከል ኪሞኖና ማራገቢያ አልደረደረም። በ1860ዎቹ ከሣላቸው የኩሬ አበቦች በአንዳንዶቹ ጠረጴዛም ማሰሮም የለም፤ አበባና ውሃ፣ በመካከላቸውም ዝምታ። ቅኔ ወዳዱ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ያልተነገረው ከተነገረው ሲከብድ ያውቃልና።

ተበድሯልን? አዎን! እኔ ውሎዬ ከባንክ መዝገብ ጋር ነው፤ ነውሩ መበደር ሳይሆን መካድ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ላ ፋርጅ አልካደም። እ.ኤ.አ. በ1870 በታተመው የራፋኤል ፓምፔሊ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጃፓን ጥበብ ድርሰት ጻፈ፤ ግራና ቀኙን ሳያስተካክሉ ሚዛን መጠበቅ እንደሚቻል አስረዳ። የጃፓንን ምድር የረገጠው ግን በ1886 ነው። ዐይኑን የገራው አገሩ ሳይሆን ወረቀቱ ነበር ማለት ነው።

ካጆቹስ ሌሎች ናቸው። «ፈር ቀዳጅ» ብለው ሲያወድሱት የመምህሮቹን ስም የሚውጡ አሉ፤ «ቀጂ» ብለው ሲነቅፉት አበባውን ሳያዩ የሚያልፉ አሉ። የሁለቱም ሒሳብ ጎዶሎ ነው። የአበባ ሥዕል ቀላል ነው የሚል ካለም፣ እስቲ አንዲት አበባ ብቻዋን፣ ያለ ጠረጴዛና ያለ ማሰሮ፣ በውሃ ላይ ያቁምልን።